ለልጄ ችፌ ትክክለኛውን መንገድ ላሳዩን ፋርማሲስት የቀረበ ምስጋና፣ ስለ ፕሮባዮቲክ ለምትጠይቁ ወላጆችም ጥቆማ

በዚህ ጽሑፍ ላመሰግናቸው የምፈልገው፣ በሳሪስ አካባቢ በሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት የሚሠሩ ፋርማሲስት ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ ስላልፈለጉ አልጠቅሰውም፤ ነገር ግን የዋሉልን ውለታ ተሸፍኖ እንዲቀር ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም። የልጄ ችፌ ዛሬ ረገብ ያለው፣ እኛም ለማይረዳን ነገር ገንዘባችንን ከመበተን የተረፍነው፣ እኚህ ባለሙያ ለመሸጥ ሳይቸኩሉ በእጃችን የያዝነውን አንብበው እውነቱን ስለነገሩን ነው። በተለይ ልጆቻችሁ ችፌ ያለባቸውና «ፕሮባዮቲክ (ለጤና ይጠቅማሉ የሚባሉ ሕያው ተሕዋስያን ያሉበት ምርት) ስጡት፣ ይለቀዋል» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው የሚደርሳችሁ ወላጆች እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

የልጄ ችፌ ገና ጡት በሚጠባበት ጊዜ ጉንጩ ላይ ጀመረው፤ ከፍ ሲል ደግሞ ወደ ክርኑ መታጠፊያና ወደ ቋንጃው ወረደ። ሌሊቱን ሲያክ ያድራል፤ ጠዋት አንሶላውን ሳነሣ የደም ነጠብጣብ አገኝበታለሁ። ከሌላ ቦታ መለያ በሌለው ዕቃ ተሞልቶ የተሰጠን ቅባት ለጥቂት ጊዜ ቆዳውን አጽድቶለት ነበር፤ ሲቋረጥ ግን ከቀድሞው ብሶ አገረሸበት። እንዲህ ያሉ ምንነታቸው ያልተጻፈባቸው ድብልቅ ቅባቶች ውስጥ ኃይለኛ ስቴሮይድ (የቆዳን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት) ሊኖር እንደሚችል የሰማሁት በኋላ ነው። በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሳለን ዱባይ የምትኖረው እህቴ፣ የልጁ አንጀት ሲስተካከል ቆዳውም ይስተካከላል ብለው የነገሯትን አምና፣ ከደመወዟ ቆጥባ ፕሮባዮቲክ ገዝታ ላከችልን።

ካርቶኑን ይዤ ወደ መድኃኒት ቤቱ የሄድኩት በቀን ስንት እንደሚሰጥ ለመጠየቅ ብቻ ነበር። ፋርማሲስቷ ግን መጠኑን ከመናገራቸው በፊት መነጽራቸውን አድርገው ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አገላበጡት፤ ከዚያም ጣታቸውን በደቃቁ ጽሑፍ ሥር እያስኬዱ ሦስት ነገር አሳዩኝ። አንደኛው፣ «ላክቶባሲለስ» ከሚለው የወል ስም በቀር የትኛው ዝርያ እንደሆነ የሚለይ ስምም ሆነ ፊደል አለመኖሩ ነው። በአንድ ዝርያ ላይ የተገኘ የጥናት ውጤት ለሌላው እንደማይሠራ ሲያስረዱኝ፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ለፕሮባዮቲክ የሰጡትን ትርጓሜ ጠቀሱልኝ፤ ይኸውም በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለጤና ጥቅም የሚሰጡ ሕያው ተሕዋስያን የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የተሕዋስያን ብዛት በተመረተበት ቀን የነበረው እንጂ እስከ አገልግሎት ማብቂያው ድረስ የሚቆየው አለመሆኑ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ እንዲቀመጥ የሚያዝ ምልክት ሲሆን፣ የእኛው ካርቶን ከዱባይ እስከ ሳሪስ በሻንጣ የመጣ ነበር።

እነዚህ ሁሉ ባይጎድሉት ኖሮስ ልጄን ያድንልኝ ነበር ወይ ብዬ ስጠይቃቸው የሰጡኝን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ችፌው አንዴ ከወጣ በኋላ ፕሮባዮቲክ ያክመዋል ብዬ ብነግርዎ አታለልኩዎ ማለት ነው» አሉኝ። እንዲህ ሲሉም ሐሳቡን አጣጥለው አልነበረም፤ ከሰውነታችን የመከላከያ ሕዋሳት ብዙዎቹ በአንጀት ዙሪያ እንደሚገኙ፣ ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተሕዋስያን ጋር የሚያደርገው ትውውቅም መከላከያውን እንደሚያሠለጥነው፣ ስለዚህም ተመራማሪዎች ጉዳዩን መፈተሻቸው ተገቢ እንደነበረ አብራሩልኝ። ቀጥለውም ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣውን ግምገማ በስልካቸው ከፍተው አሳዩኝ። ግምገማው 39 ሙከራዎችንና 2,599 ሰዎችን አጠቃሎ ሲያይ፣ ፕሮባዮቲክ ታማሚዎቹ ራሳቸው በሚሰማቸው ማሳከክና የእንቅልፍ ማጣት ላይ ያመጣው ለውጥ እጅግ ትንሽ ወይም ምንም ሆኖ ተገኝቷል። ሐኪሞች የችፌን ክብደት እስከ 103 በሚደርስ ነጥብ ሲለኩ የታየው መሻሻል እንኳ ወደ 4 ነጥብ የሚጠጋ ነበር፤ ታማሚው ልዩነቱን ያስተውለው ዘንድ ግን ወደ 9 ነጥብ ገደማ መቀነስ አለበት። ያን ያህል ቁጥር ለአንዲት እናት ቆሞ ማስረዳት የሥራ ግዴታቸው አልነበረም፤ ከኋላዬ ወረፋ የያዙ ሰዎችም ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉልን ነገር ነው ልጄን የረዳው። በመጀመሪያ በዘነበወርቅ ወደሚገኘው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል እንድንሄድ መከሩን። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ በመሆኑ ብዙ ሰው ከዚያ በሽታ ጋር ብቻ ያያይዘዋል፤ ነገር ግን ለማንኛውም የቆዳ ሕመም የሚኬድበት ስፍራ ነው። ሐኪሙ ለፊቱ ቀለል ያለ፣ ለክርኑና ለቋንጃው ጠንከር ያለ የስቴሮይድ ቅባት ለተወሰኑ ቀናት ብቻ አዘዘልን። ማዘዣውን ይዘን ስንመለስ ፋርማሲስቷ የቅባቱን ልክ በራሴ ጣት ላይ አለማመዱኝ፤ ከሌባ ጣት የመጨረሻ መታጠፊያ እስከ ጫፉ ድረስ የወጣ ቅባት ግማሽ ግራም ያህል ሲሆን፣ ጣቶችን ጨምሮ የአንድ አዋቂ ሰው ሁለት መዳፍ ለሚያህል ቆዳ ይበቃል። እኔ ስቴሮይድ ሲባል ፈርቼ ቆጥቤ እንዳልቀባው፣ ወይም ተስፋ ቆርጬ እንዳላበዛው ያደረገኝ ይህ ትምህርት ነው። ከዚህ በተጨማሪ ልጁ ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ሽታ የሌለው ቫዝሊን መላ ሰውነቱን እንድንቀባው፣ ችፌው በጠፋበት ሰሞንም ይህን እንዳናቋርጥ አጥብቀው ነገሩን። ችፌ ያለበት ቆዳ እንደ ተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ ነውና፣ ውስጡ ያለው እርጥበት ይወጣል፣ ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያም ይሰፍርበታል። አሁን ልጄ ሌሊቱን ተኝቶ ያድራል፤ አልፎ አልፎ ቢነሣበትም ምን እንደምናደርግ እናውቃለን።

አማቴ ደግሞ ካርቶኑ ካልሆነ እርጎ እንስጠው ብለው ነበርና ይህንንም ጠየቅኋቸው። እርጎ ለልጅ መልካም ምግብ እንደሆነ፣ በተፈጥሮው የሚረጋውም በላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች እንደሆነ፣ ነገር ግን ከቤት ቤት የተሕዋስያኑ ዓይነትና ብዛት ስለሚለያይ የችፌ መድኃኒት ብለን ልንቆጥረው እንደማይገባ ነገሩኝ። እንጀራም ቢሆን ሊጡ በእርሾ የሚቦካ ቢሆንም ምጣዱ ላይ ሲጋገር ተሕዋስያኑ በሙቀቱ ይሞታሉ። ከሁሉ በላይ ያስጠነቀቁኝ ግን ካልተፈላ ወተት የተረጋ እርጎ ብሩሴሎሲስ የተባለውን ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ወተቱን አፍልተን ካቀዘቀዝነው በኋላ እንድናረጋው ነው። ይህን ሲነግሩኝ የአማቴን ክብር በሚጠብቅ ቃል መናገራቸው በቤታችን ጠብ እንዳይነሣ ረድቶናል።

ሁለተኛ ልጄን ባረገዝሁ ጊዜ ስለ መከላከል ጥያቄ ይዤ ተመለስኩ፤ ሚዛናዊነታቸው ይበልጥ የታየኝም ያኔ ነው። ሕክምናውና መከላከሉ ለየብቻ የሚታዩ ጉዳዮች እንደሆኑ አስረዱኝ። እ.ኤ.አ. በ2001 ከፊንላንድ በወጣው ጥናት፣ አለርጂ ባለበት ቤተሰብ ውስጥ ለሚወልዱ እናቶች ከመውለጃቸው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብለው፣ ከወሊድ በኋላም ለ6 ወር ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ የተባለው ዝርያ ሲሰጥ፣ በ2 ዓመታቸው ችፌ የታየባቸው ልጆች 23 በመቶ ሲሆኑ፣ ባልተሰጣቸው ወገን ግን 46 በመቶ ነበሩ። ይሁንና በዚያው ዝርያ ጀርመን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ጥናት ይህን ጥቅም አላገኘም። የዓለም አለርጂ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ልጃቸው ለአለርጂ ከፍ ያለ ተጋላጭነት ያለው እናቶች ቢጠቀሙበት የሚል ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ማስረጃው እጅግ ደካማ መሆኑን አብሮ ጽፏል። ፋርማሲስቷ ይህን ሁሉ ከነገሩኝ በኋላም የእርግዝና ክትትል ሐኪሜ ሳይፈቅድ አልሸጡልኝም። በሐኪሜ ፈቃድ ወሰድኩ፤ ሴት ልጄም እስካሁን ችፌ የለባትም፤ ሆኖም በአንድ ልጅ ምክንያቱን ማወቅ እንደማይቻል አስቀድመው ስለነገሩኝ ለማንም «ይህ አዳናት» አልልም።

ለጤነኛ ሰው ፕሮባዮቲክ በአብዛኛው ጉዳት ባይኖረውም፣ ያለ ቀናቸው ለተወለዱ ሕፃናትና የመከላከያ አቅማቸው በጣም ለተዳከመ ሕሙማን ግን አደገኛ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 ያለ ቀናቸው ስለተወለዱ ሕፃናት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ስለዚህ ከውጭ አገር የምትልኩልን ወንድሞችና እህቶች፣ ፍቅራችሁን እያመሰገንን፣ ከመግዛታችሁ በፊት የልጁን ሁኔታ ብትጠይቁን መልካም ነው።

የመድኃኒት ቤቱን አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ባለሙያዋን አስፈቅጄ እጠቁማችኋለሁ። ከሰዓት በኋላ ወረፋው ስለሚቀንስ በዚያ ሰዓት ብትሄዱ ተረጋግተው ያነጋግሯችኋል። ስትሄዱም ለልጁ እስካሁን የቀባችሁትንና የሰጣችሁትን ሁሉ፣ ባዶ ዕቃውንም ቢሆን፣ ይዛችሁ ሂዱ፤ በመጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። እርስዎ ደግሞ ይህን ካነበቡት፣ እኔና ባለቤቴ ከልብ እናመሰግናለን፤ እግዚአብሔር ውለታዎን ይክፈልልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።