ለጤና ጣቢያችን የላብራቶሪ ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ሰላም የባህር ዳር እናቶች፣ ዛሬ አንዲት ልጅ ላመሰግን ነው የመጣሁት። የ6 ዓመት ልጄ ሦስት ወር ሙሉ ሆዱ እየተነፋ፣ ሲያገሳው የተበላሸ እንቁላል እየሸተተኝ፣ ሰገራው ቀጭንና ቅባት ቅባት የሚል ሆኖ ሱሪው ከወገቡ እየወረደ ቀበቶ አሰርኩለት። አንድ የግል ክሊኒክ ሁለቴ ወሰድኩት፣ ሁለቴም በደም አይተው ታይፎይድ ነው ብለው መድኃኒት ሰጡት። ሰገራም ሰጥተን ነበር ግን እቃው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የምሳ ሰዓት አለፈበት፣ ከዛ "ምንም የለም" አሉን።

ጎረቤቴ ናት ጤና ጣቢያ ሂጂ ያለችኝ። ላብራቶሪ ያለችው ልጅ እቃውን ስሰጣት መጀመሪያ የጠየቀችኝ "እናት፣ ይሄ ስንት ሰዓት ላይ የወጣ ነው?" ብላ ነው። ጠዋት ቤት ስላት አልተቀበለችኝም፣ ቀጭን ሰገራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልታየ የሚንቀሳቀሱት ተውሳኮች ይሞታሉ፣ ሞተው ደሞ መለየት ይከብዳል አለችኝ። እዛው ጠብቀን ሰጠን፣ ሽንት እንዳይነካው ብላ አስጠንቅቃኝ። የዛን ቀን አልተገኘም። ሌላ ቦታ ቢሆን እዚህ ጋ ነበር የሚያበቃው፣ እሷ ግን ጃርዲያ የሚባለው የአንጀት ተውሳክ በየቀኑ አይወጣም ቀን እየዘለልሽ ሁለቴ ድገሚልኝ አለች። ሦስተኛው ላይ "ነይ እዪው" ብላ ማይክሮስኮፑን ለቀቀችልኝ። ሁለት ዓይን ያለው ፊት ይመስላል፣ እንደሚረግፍ ቅጠል እየተገለባበጠ ይሄዳል። ልጄን ያከሳው እሱ ነው፣ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

ሐኪሙ በኪሎው ልክ አንዴ የሚዋጥ ቲኒዳዞል አዘዘለት፣ የሚጠጣውን ውሃም አፍልቼ እንድሰጠው ነገረኝ። አሁን በራሱ ምግብ ይጠይቀኛል ተመስገን።

እህቴንም ለጨጓራ ባክቴሪያዋ ወስጃት ነበር፣ መድኃኒቱን ጨርሳ በደም ምርመራ አሁንም አለ ተብላ ተጨንቃ። የላብራቶሪዋ ልጅ የደሙ ምርመራ ሰው ከዳነ በኋላም ረጅም ጊዜ አለ ሊል ይችላል፣ በሰገራ ነው መታየት ያለበት፣ እሱም መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ደሞ 2 ሳምንት ቀድሞ ቆሞ ብላ አስረዳቻት።

እባካችሁ ልጆቻችሁን ሳታስመረምሩ ከፋርማሲ መድኃኒት እየገዛችሁ አትስጡ፣ ቀድሞ የተወሰደ መድኃኒት ምርመራውን ይሸፍነዋል። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሂዱ፣ ወረፋው ያኔ ቀላል ነው። የቱ ጤና ጣቢያ እንደሆነ ኢንቦክስ ጠይቁኝ፣ ስሟን እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ነው። አንቺ የላብራቶሪዋ ልጅ፣ የልጄን ሆድ አዳንሽልኝ፣ እድሜና ጤና ይስጥሽ 🙏