በሥነ ጥበብ ማዕከል በጎ ፈቃደኛ መሆን፦ የልጆች ክፍል ወይስ ዐውደ ርዕይ?

በአካባቢው የሥነ ጥበብ ማዕከል በነጻ ለማገልገል የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የልጆች ሥዕል ክፍልን በመርዳትና ዐውደ ርዕይ በማዘጋጀት መካከል ይመርጣል። ሁለቱ በአንድ ቅጥር እንደሚስማሙ በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ መካኒሳ የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ያሳያል፤ ትምህርት ቤትም ማሳያ አዳራሽም አለው።

የዐውደ ርዕዩ ሥራ ልኬት ነው፦ የሥዕሉ መካከል ከወለል 150 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ እንዲውል ይሰቀላል፣ በወረቀት ላይ የተሠራው ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ከሚበልጥ ብርሃን ይጠበቃል። ሥራው ከመክፈቻው በፊት ባሉት ቀናት ስለሚከማች በየሳምንቱ መምጣት ለማይችል ሰው ይመቻል።

የልጆቹ ክፍል ግን ሳይቋረጥ መገኘትን ይሻል፤ ልጅ የለመደውን ሰው ይጠብቃልና። አክሪሊክ ቀለም ከደረቀ በውሃ ስለማይለቅ፣ ረዳቱ ብሩሾቹን ወዲያው አጥቦ፣ ጠጉራቸውን በጣቱ አሹሎ በአግድም ያስቀምጣል። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው እጅን መሰብሰብ ነው፤ ሕፃኑ ፀሐይን አረንጓዴ ሲቀባ ብሩሹን ተቀብሎ ማረም ሥዕሉን ከባለቤቱ መንጠቅ ስለሚሆን፣ «እስቲ ስለ ሥዕልህ ንገረኝ» ማለት ይሻላል።

ቅዳሜውን መስጠት ለሚችል ሰው እኔ ያለማመንታት የልጆቹን ክፍል እመርጥለታለሁ፤ ሥዕል ለመስቀል የሚረዳ አይጠፋም፣ ሳይቀር የሚመጣ ረዳት ግን ብርቅ ነው። የጋለሪ ሙያ ለሚያስብ ወጣት ግን የሥራዎችን አያያዝና ምዝገባ የሚያስተምረው ዐውደ ርዕዩ ነው።