ቫላሳይክሎቪር 500 ሚሊግራም፣ ሁለት ዓመት በየቀኑ ከወሰድኩት በኋላ

የብልት ሄርፒስ ታይፕ 2 (ብልት አካባቢ ውሃ የቋጠረ ቁስል የሚያወጣ ቫይረስ) እንዳለብኝ ካወቅኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ይህን ክኒን በየቀኑ መዋጥ ከጀመርኩ ደግሞ ሁለት። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው።

በፊት የምውጠው ሲነሳብኝ ብቻ ነበር። እሱም ይሠራል፤ ማሳከኩና መለብለቡ እንደጀመረኝ ቶሎ ከዋጥኩት ውሃ ሳይቋጥር ያለፈበት ጊዜ አለ። ግን በዓመት አምስት ስድስቴ ያገረሽብኝ ነበር። በየቀኑ ከጀመርኩ ወዲህ አንዴ ብቻ ነው የተነሳብኝ።

እኔን ያስጀመረኝ ግን የእጮኛዬ ነገር ነው። ቫይረሱ ቁስል በሌለበት ቀንም ከቆዳ ላይ ይወጣል፣ ብዙ ሰውም የሚያዘው እንደዚያ ባለ ቀን ነው፣ ስለዚህ «አሁን ምንም የለኝም» ብሎ መዝናናት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት አንዳቸው ሄርፒስ ያለባቸው 1,484 ጥንዶች ለ8 ወር ተከታትለዋል። መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከተሰጣቸው ሰዎች አጋሮች 3.6 በመቶው ሲያዙ፣ ይህንን 500 ሚሊግራም በየቀኑ ከወሰዱት ሰዎች አጋሮች የተያዙት 1.9 በመቶ ናቸው። በግማሽ ገደማ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። እኛም ኮንዶም አልተውንም። ኮንዶም ደግሞ ሁሉንም ቆዳ አይሸፍንም፤ ማሳከክ ከጀመረኝ ሰዓት አንስቶ ቁስሉ ጥርግ ብሎ እስኪድን አብረን አንተኛም።

ከመተኛታችን በፊት ነው የነገርኩት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዝም ብሎ ሰማኝና «እና ልጅ መውለድ እንችላለን?» አለኝ። እንችላለን፤ እርግዝናዬን የምትከታተለው ሐኪም ማወቅ አለባት እንጂ። ከዚያ እሱም የደም ምርመራ አደረገ፤ ታይፕ 2 የለበትም፣ ታይፕ 1 ግን አለበት። ልጅ ሆኖ ከንፈሩ ላይ ምች እየወጣበት እናቱ ዳማከሴ ያሹለት የነበረው ያ ነው ማለት ነው! ያም በአፍ በሚደረግ ወሲብ ወደ ብልት ይተላለፋል። ስለዚህ የእሱ ከንፈር ላይ ሲወጣ ተጠንቃቂው እሱ ነው።

የማልወደው፦ የመጀመሪያው ሳምንት ራስ ምታት ነበረው፣ ክኒኑም ትልቅ ነው። ውሃ በደንብ ጠጡ፣ ኩላሊታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ለሐኪም ሳትናገሩ እንዳትጀምሩ። የፋርማሲው ነገር ግን አናዶኛል። ሠራተኛዋ የመድኃኒቱን ስም ጮክ ብላ ጠራችው፣ ከኋላዬ ሁለት ሀበሾች ተሰልፈው ነበር። እዚያ ቆሜ አልቅሻለሁ። አሁን የሦስት ወሩን በአንዴ በፖስታ ያመጡልኛል፣ በጣም ገላግሎኛል። ቫልትሬክስ የሚባለውን ብራንድ ካልሆነ አትበሉ፣ በራሱ በመድኃኒቱ ስም የሚሸጠው ያው ነው፣ ዋጋውም በጣም ይረክሳል።

ለሠርጋችን አዲስ አበባ ስንሄድ ጠርሙሱን በእጅ ቦርሳዬ ነው የምይዘው። አንድ ቀን እንዲያመልጠኝ አልፈልግም።