ኤን ኤን ኤን ማሳደጊያ ለካላዛር ምርመራ፦ ርካሽ፣ ግን ጥንቃቄ የሚፈልግ

በአጉሊ መነጽር ያልታየ የካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) ጥገኛ ተውሳክ፣ ኤን ኤን ኤን በተባለው በዚህ የቆየ ማሳደጊያ፣ ማለትም ተውሳኩን በቤተ ሙከራ በሚያራባ ምግብ፣ ሊገኝ ይችላል። ቅመሙ ቀላል ነው፦ አጋር (ሲበርድ የሚረጋ ዝልግልግ ነገር)፣ ጨው፣ የተጣራ ውሃና እንዳይረጋ ፋይብሪኑ (ደም የሚያረጋው ፕሮቲን) የወጣለት የጥንቸል ደም። አስቸጋሪው ደሙን መጨመር ነው። አጋሩ በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም በሚገድል ማሽን) በ121 ዲግሪ ጸድቶ ወደ 50 ዲግሪ ሲበርድ ከ10 እስከ 15 በመቶ ደም ይገባል፤ ከቸኮሉ ደሙ ይበስላል፣ ከዘገዩ አጋሩ ረግቶ አይዋሃድም። ድብልቁ በቱቦ ውስጥ ዘንበል ብሎ ይርጋ። ከሥሩ የሚጠራቀመውን ውሃ በፍጹም አትድፉት፤ ተውሳኩ የሚራባው እዚያ ነው።

ከታማሚው ጣፊያ ወይም መቅኒ የተቀዳው ናሙና ቱቦው ውስጥ ገብቶ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ይቆያል። እንደ ባክቴሪያ 37 ዲግሪ ላይ ማስቀመጥ ውጤቱን ያበላሻል፤ ባለጅራፉ የተውሳኩ ቅርጽ የሚያድገው በአሸዋ ዝንብ ሆድ ውስጥ ባለው ዓይነት ዝቅተኛ ሙቀት ነው። ለመተማና ለሁመራ ቆላ እንግዲህ የሚያቀዘቅዝ ኢንኩቤተር (ሙቀቱን እኩል አድርጎ የሚይዝ ሣጥን) ግድ ነው፤ ዋናው ወጪም እሱ ነው።

በየሳምንቱ ጠብታ እየወሰዱ እስከ 4 ሳምንት ማየት ያስፈልጋል። ባክቴሪያ ወይም ሻጋታ ከገባ ቱቦው ከንቱ ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ታማሚ ቢያንስ 2 ቱቦ ይዘጋጅ። በጠና የታመመ ሰው ግን ይህን ውጤት እየጠበቀ ሕክምናው መዘግየት የለበትም።