አልባትሮስ ቢ 2 ወይስ ሲ 1? የሁለት ጀርመን ሠራሽ ቃኚ አውሮፕላኖች ንጽጽር

እ.ኤ.አ. በ1914 አገልግሎት ላይ የዋለው አልባትሮስ ቢ 2 እና በ1915 የተከተለው ሲ 1 ሁለቱም ባለ ድርብ ክንፍና ባለ ሁለት መቀመጫ የጀርመን ጦር ቃኚ አውሮፕላኖች ሲሆኑ፣ በእኔ አስተያየት ዋናው ልዩነታቸው የሞተራቸው ጉልበት ሳይሆን የመቀመጫቸው ቅደም ተከተል ነው። በቢ 2 ቃኚው ከፊት፣ አብራሪው ከኋላ ይቀመጡ ነበር፤ በመሆኑም የጠላትን ምሽግ አይቶ እንዲመዘግብ የተላከው ሰው ቁልቁል ሲመለከት የታችኛው ክንፍ፣ ወደ ጎን ሲመለከት ደግሞ ቋሚዎቹና የሽቦ ማሰሪያዎቹ ይጋርዱት ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ አውሮፕላኑ መትረየስ አልነበረውም።

ሲ 1 ቦታቸውን አቀያየረ። ቃኚው ከአብራሪው ኋላ ሆኖ፣ በሚሽከረከር ቀለበት ላይ በተተከለው ፓራቤለም መትረየስ ከኋላ የሚመጣበትን መከላከል ቻለ፤ እግረ መንገዱንም እይታው ተከፈተለት። ሞተሩ ከ100 ወደ 160 የፈረስ ጉልበት ገደማ በማደጉ፣ በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር አካባቢ የነበረው ፍጥነት ከ130 በላይ ደረሰ።

ለግንባር ምርጫው ያለ ጥርጥር ሲ 1 ነው። ለጀማሪ አብራሪ ግን ገራሙ ቢ 2 ይሻል ነበር፤ ከግንባር ከተነሣ በኋላም በማሠልጠኛነት ለዓመታት አገልግሏል።