«ጋሼ፣ ካርዱ ምንም አልሆነም»፦ ለአንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ ምስጋና

ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ በፍላይት ሲሙሌተር (በኮምፒውተር አውሮፕላን ማብረሪያ ጨዋታ) የምትበርሩ፣ ኮምፒውተሩ ስታክ እያደረገ ያማረራችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቡ። መገናኛ አካባቢ የምትሠራ አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ አለች። እሷን ላመሰግን፣ ለእናንተም ልጠቁም ነው።

የ2020ውን ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ነው የምጠቀመው። ኮምፒውተሬ ደካማ የሚባል አይደለም። 32 ጊጋባይት ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ) አለው፣ ምስሉን የሚስለው ግራፊክስ ካርዱም ደህና ነው። ከፍ ብዬ ስበር ሰላም ነው። ጣጣው የሚመጣው ለማረፍ ዝቅ ስል ነው። በተለይ ከምዕራብ በኩል፣ ከተማውን አቋርጬ ቦሌ ለማረፍ ስመጣ ምስሉ ይቆራረጣል። መሪውን ወደ ግራ እገፋለሁ፣ አውሮፕላኑ ዝም። ትንሽ እጨምራለሁ። ከዚያ የመጀመሪያውም የሁለተኛውም ባንድ ላይ ይደርሰውና ክንፉን ይደፋል። ቀሪውን ገምቱት።

ከእሷ በፊት ያየልኝ ሱቅ ኬዙን እንኳን ሳይከፍት «ካርዱ አርጅቷል፣ ሌላ ይግዙ» ነበር ያለኝ። የግራፊክስ ካርድ ዋጋ የጠየቀ ሰው ይህ እንዴት ያለ ቀላል ምክር እንደሆነ ያውቀዋል።

ልጅቷ ቤት ድረስ መጣች። ካቻቢቴ አላወጣችም። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና «እስቲ የሚያስቸግርዎት ቦታ ድረስ ይብረሩ» አለችኝ። የሲሙሌተሩን ዴቨሎፐር ሞድ ከፈተችው። እዚያ ውስጥ በሰከንድ ስንት ፍሬም (ምስል) እየወጣ እንደሆነና የሚያዘገየው የትኛው ክፍል እንደሆነ የሚያሳይ ሳጥን አለ። ቦሌን እንደተጠጋሁ «ሜይን ትሬድ» የሚል ጽሁፍ መጣ። የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ፣ አልቻለም ማለት ነው።

በዚህ ብቻ አላመነችም። የምስሉን ጥራት የሚወስነውን፣ ሬንደር ስኬሊንግ የሚባለውን፣ ከ100 ወደ 50 በመቶ አወረደችው። ስክሪኑ ደበዘዘ፣ ሕንፃዎቹ ጭጋግ የገባባቸው መሰሉ። የፍሬሙ ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለም። «አዩ ጋሼ? ምስሉ በወርድም በቁመትም ተጋምሶ ካርዱ የሚስለው ነጥብ ወደ ሩብ ወርዶለት እንኳን ፍጥነቱ ካልጨመረ፣ የሚያዘገየው እሱ አይደለም። ካርዱ ምንም አልሆነም። ፕሮሰሰሩን እየጠበቀ ነው።» ያኔውኑ ልቤ አረፈ። ኪሴም እንደዚያው።

ኬዙ የተከፈተው ከዚህ በኋላ ነው። የፕሮሰሰሩ ፋን አቧራ ለብሷል። ሥሩ ያለው ሰርማል ፔስት (ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈው ቅባት) ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማትረፍ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የእኔው ለማረፍ ስጠጋ፣ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት፣ ይኸንኑ ሲያደርግ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ቦሌ ላይ አውሮፕላን ለመነሳት ለምን ረጅም መንደርደሪያ እንደሚፈልግ ያውቃሉ?» ይህን እንኳን አውቃለሁ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም የሚይዙት አየር ያንሳቸዋል። «እንግዲህ የእርስዎ ፋን የሚነፋውም ያንኑ ስስ አየር ነው» አለች። እውነቷን ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለሉ ባንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ባሕር ዳር ላይ የሚበቃ ፋን አዲስ አበባ ላይ ይቸገራል። ባሕር ዳር ስል ከተማውን ማለቴ አይደለም፣ እሱም ከፍታ ላይ ነው። ፔስቱን ቀየረች፣ አቧራውን ጠራረገች፣ ከኋላ አየር የሚያስወጣ ተጨማሪ ፋን ገጠመች።

ትልቁ ጉድ የተገኘው ራሙ ላይ ነው። ሁለቱ ራሞች የገቡት ጎን ለጎን ባሉ ቀዳዳዎች ነበር። አራት ቀዳዳ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ሁለት ራም የሚገባው አንድ እየዘለለ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ። ጎን ለጎን ሲሆኑ ሁለቱም አንድ ቻናል (የመረጃ መተላለፊያ መስመር) ይጋራሉ፤ ሁለት በር ያለው አዳራሽ ሕዝቡ ሁሉ በአንዱ ሲጋፋ ማለት ነው። በዚያ ላይ ራሙ ላይ ፍጥነቱ 3200 ተብሎ ተጽፎ እያለ የሚሠራው በ2133 ነበር። ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ገብታ ራሙን በተጻፈለት ፍጥነት የሚያሠራውን ኤክስኤምፒ የሚባለውን እስክታበራው ድረስ ሙሉ ፍጥነቱን ተጠቅሜበት አላውቅም። እናንተም ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ንኩት፣ ፍጥነቱ እዚያው ተጽፏል። ይሄን ለማየት ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም።

ሴቲንጉ ላይ ብዙ አልቆየችም። መሬቱ ምን ያህል በዝርዝር እንደሚሳል የሚወስነውን ቴሬን ሌቭል ኦፍ ዲቴልን ከ200 ወደ 100 አወረደች። የግላስ ኮክፒት ሪፍሬሽ ሬትን፣ ማለትም የአብራሪው ክፍል ስክሪኖች የሚታደሱበትን ፍጥነት፣ ሚዲየም አደረገች። ሮሊንግ ካሽ የሚባለውን ማከማቻ ፈጣኑ ዲስክ፣ ኤስኤስዲው፣ ላይ አድርጋ ሰፋ አደረገችው፤ አንዴ የበረርኩበት አካባቢ እዚያ ስለሚቀመጥ እንደገና ከኢንተርኔት አይወርድም። ለእኛ ኢንተርኔት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «ፍጥነት ይጨምራል» ተብሎ የተጫነልኝን ፕሮግራም ደግሞ ሳትጠይቀኝ ልታጠፋው ነበር፣ ከዚያ ቆም ብላ ጠየቀችኝ። አጥፊው አልኳት።

በመጨረሻ ፍሬሙን 30 ላይ ቆለፈችው። እኔ ቁጥሩ በበዛ ቁጥር ይሻላል ባይ ስለነበርኩ ትንሽ ተከራከርኩ። ስክሪኔ 60 ኸርዝ ነው፣ በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል፤ 30 ሲሆን እያንዳንዱ ምስል እኩል እኩል ሁለት ሁለት ጊዜ ይታያል። ዓይን የሚያስቸግረው አንዴ 50 አንዴ 25 እያለ የሚዘለው ነው። በረርኩ። ቦሌ 07 ቀኝ በሚባለው መንደርደሪያ ገባሁ። መሪው እጄን ይከተላል። ልክ ሲነካ ጎማው ጩኸቱ ብቻ ነው የተሰማው፣ ምንም መቆራረጥ የለም። ከዚያ ወዲያ ላሊበላም ሄጃለሁ፣ በሴስና ካራቫን ሰሜን ተራሮችንም ዞሬአለሁ።

የከፈልኩት የሙያዋንና የፔስቱን የፋኑን ብቻ ነው። የቀየረችውን ሴቲንግ የድሮውንም አዲሱንም በወረቀት ጽፋ ነው የሄደችው፤ አፕዴት መጥቶ ቢያበላሸው እንድመልሰው። አንድ የምነቅፍባት ነገር ቢኖር ቀጠሮ ማራዘሟ ነው። ሥራ ይበዛባታል፣ «ነገ» ስትል ነገ ላይሆን ይችላል። ታገሡ።

ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፣ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። ከመምጣቷ በፊት የሲሙሌተሩን አፕዴት ጨርሳችሁ አውርዱ፤ እሷ ተቀምጣ ዳውንሎድ ስትጠብቅ ሰዓቱ ያልቃል። ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ) ሲሙሌተር ያላችሁ ደግሞ አትድከሙ፣ አልነካም ብላ እንደምትመለስ ራሷ ንገርልኝ ብላኛለች።