ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ በፌስታል ከሚሸጠው «የጾም ጄላቲን» ተጠንቀቁ

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ያላችሁ፣ በተለይ ለልደትና ለማኅበር ጣፋጭ የምታዘጋጁ፣ እስቲ ይህችን አንብቡልኝ። ሰሞኑን በፌስታል ተቋጥሮ፣ በማርከር «ጀላቲን የጾም» ተብሎ የተጻፈበት ነጭ ዱቄት እየተሸጠ ነው። እኔ ሩብ ኪሎውን በ600 ብር ገዛሁ። እናንተ አትግዙ።

የሱቁን ስም አልጽፍም። ባለሱቁ የሚሸጠው ከሌላ ሰው በተረከበው ጆንያ ውስጥ እየሰፈረ ነው፤ እሱም ተታሎ ሊሆን ይችላል። ዱቄቱን ግን ከሩቅ ታውቁታላችሁ፦ ካርቶን የለው፣ የተመረተበት ቀን የለው፣ የፋብሪካ ስም የለው። ያችው የማርከር ጽሑፍ ብቻ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ስምንት ዓመት የሞላችበት ቀን ዓርብ ዋለ። ሰባትን አልፋለች፣ አያቷ ደግሞ በጾም ቀልድ አያውቁም። ስለዚህ ክሬም ኬክ የማይታሰብ ነው። እኔ ቤት ኦቨን የለም። ፍራፍሬ ያለበት ጄሊ ልሥራ አልኩ። በጣም ቀላል ነው እኮ፤ ጭማቂ ታሞቃላችሁ፣ ጄላቲን ታሟሙበታላችሁ፣ የተከተፈ ፍራፍሬ ላይ ታፈሱታላችሁ፣ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጣችሁ ትተኛላችሁ። ለቀዝቃዛ ቦታ ደግሞ ማን እንደ እኛ! ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠ ከተማ ውስጥ መብራት ጠፋ ብሎ ለፍሪጅ የሚጨነቅ የለም። ማታ መስኮት ዳር ማሳደር ነው።

ሱቁ ሄድኩ።

«ወንድሜ፣ ይሄ እውነት የጾም ነው?»

«እናቴ ትሙት! ምንም የእንስሳ ነገር የለበትም።»

«ጄላቲን ነው ግን?»

«ንጹህ ጄላቲን፣ እህቴ። ሰው ሁሉ ይሄን ነው የሚወስደው።»

እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። አልነቃሁም። ዋጋው ከታሸገው በግማሽ ስለረከሰ ልቤ እሱ ላይ ነበር።

ጄላቲን ማለት ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳ፣ አጥንትና ጅማት ተቀቅሎ የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ቅልጥም የተቀቀለበት መረቅ ሲያድር እየተንቀጠቀጠ የሚረጋው በእሱ ምክንያት ነው። ከዓሣ የሚሠራም አለ፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም። ለማንኛውም ከእንስሳ ያልመጣ ጄላቲን ብሎ ነገር የለም። ጄላቲን ከሆነ የጾም አይደለም። የጾም ከሆነ ጄላቲን አይደለም። አንዱ ውሸት መሆን አለበት።

ሐሙስ ማታ ከሸዋ ሮቢት የመጣ ፓፓያ ከተፍኩ። ጣርማበርን ወጥቶ እኛ ጋ ሲደርስ እንኳ ሽታው ቤት የሚሞላ፣ ልክ የበሰለ ፓፓያ ነበር። የብርቱካን ጭማቂ አሞቅሁ፣ ዱቄቱን ጨመርኩ፣ አማሰልኩ፣ ትልቁ የመስታወት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አፈሰስኩት። መስኮት ዳር አደረ። ጠዋት ሳየው ብርድ ብርድ ይላል እንጂ አልረጋም። ከታች ነጭ ነገር ዘቅጧል፣ ፓፓያው ላዩ ላይ ይዋኛል። መልሼ ምድጃ ላይ ጣድኩት፣ ሌላ ሦስት ማንኪያ ጨመርኩበት። አሁን ወፈረ። ግን እንደ ጄሊ አይደለም የወፈረው። ደፈረሰ፣ ማንኪያ ላይ ተለጠፈ።

ከሰዓት እንግዳ መጣ። የጎረቤት ልጅ ሳህኑን አጎንብሶ አየና «አጥሚት ነው?» አለኝ። ልደተኛዋ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

እናቱ ሙስሊም ናት፣ ፋርማሲ ነው የምትሠራው። ልጇ ከመቅመሱ በፊት ወደ ጓዳ ጠራችኝ።

«ከምን እንስሳ ነው አሉሽ?»

«ኧረ የጾም ነው አሉኝ።»

«ጄላቲን የጾም የሆነው መቼ ነው? እኛ እኮ ከሐላል ከብት ይሁን ከአሳማ ብለን የምናጣራው ለዚህ ነው።»

እውነቴን ነው፣ በዚያች ሰዓት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አያቷ ሳሎን ቁጭ ብለው ያንኑ ነገር በማንኪያ እየቀመሱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የቀረውን ይዤ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ባለሱቁ ገና ነግሬው ሳልጨርስ «ምን ፍራፍሬ ጨመርሽበት?» አለኝ። ፓፓያ አልኩት። «ይኸው! ፓፓያ ጄላቲን ያበላሻል። ጥፋቱ የአንቺ ነው።» አፌን አዘጋኝ። ምክንያቱም የተናገረው እውነት ነው። ያልተቀቀለ ፓፓያ ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም አለው፤ ሥጋ ለማለስለስ የሚጠቀሙበትም በዚሁ ነው። አናናስ፣ ኪዊ፣ ዘይቱንና ጥሬ ዝንጅብልም እንደዚያው ናቸው። ጄላቲን ፕሮቲን ስለሆነ በሌሊት ይበሉትና ውሃ አድርገውት ያድራሉ። የቆርቆሮ አናናስ የማያበላሸው በሙቀት ስላለፈ ነው። ፓፓያንም በደንብ ቀቅሎ መጠቀም ይቻላል፤ እኛ ጋ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ቆየት አድርጉት።

ይሄን ሁሉ ሳውቅ ባለሱቁን ይቅርታ ልጠይቅ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ፓፓያ ጄላቲንን ያቀጥነዋል እንጂ አጥሚት አያደርገውም።

ቤት ገብቼ ያለ ምንም ፍራፍሬ ሞከርኩት። በሲኒ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በተንኩ። እውነተኛ ጄላቲን አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውሃውን ይጠጣና እንደ ስፖንጅ ያብጣል። የኔው ወርዶ ከታች ተኛ፣ ውሃው ወተት መሰለ። ትኩስ ውሃ ስጨምርበት ጄላቲን ቢሆን ይጠራ ነበር፣ ትንሽ መረቅ መረቅም ይሸት ነበር። የኔው ደፈረሰ፣ ምንም አልሸተተም።

ጎረቤቴ ማታ ስትመለስ ለቁስል የሚደረገውን አዮዲን ይዛልኝ መጣች። አዮዲን ስታርች ሲያገኝ ይጠቁራል፤ ትምህርት ቤት ድንች ላይ ያየነው ነው። በአንድ ሳህን ላይ የድንች ቁራሽ፣ ከጎኑ የዱቄቱን ቁንጥር አደረግን። በሁለቱም ላይ ጠብ አደረገችበት። ድንቹ ጠቆረ። ዱቄቱ ከድንቹ ብሶ እንደ ቀለም ጠቆረ። ስታርች! በ600 ብር የገዛሁት ስታርች ነው። አንድ ነገር ግን ልመስክርለት፦ የጾም ነው። ባለሱቁ እዚያ ላይ አልዋሸኝም፣ አያቷም ጾማቸውን አልገደፉም።

ሰኞ ተመለስኩ። ሳህኑን በስልክ ያነሳሁትን ፎቶ አሳየሁት። ዝም ብሎ አየና ከዚያው ጆንያ ሌላ ሩብ ኪሎ ሰፍሮ ሰጠኝ፤ «ይሄኛው ጥሩ ነው» ይለኛል! ገንዘቤን ስለው «ደረሰኝሽ የታል?» አለ። ደረሰኝ አልተቀበልኩም ነበር። ይቺ የኔ ጥፋት ናት፣ አልክድም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ሳመለክት ግን መጀመሪያ የጠየቁኝ ያንኑ ደረሰኝ ነው። እናም እባካችሁ፣ የአንድ ማንኪያ ዕቃ እንኳ ብትገዙ ደረሰኝ ተቀበሉ። እኔ አሁን ፎቶዬንና ቀሪውን ዱቄት ናሙና ይዤ አመልክቻለሁ።

መግዛታችሁ ካልቀረ የታሸገውን ግዙ፣ ጀርባውን አንብቡ። ኢ 441 ካለ ጄላቲን ነው፤ የፍስክ ነው፣ ሐላል የምትፈልጉም የሐላል ምልክቱን ፈልጉ። ኢ 406 ካለ አጋር አጋር ነው፤ ከባሕር አልጌ የሚሠራ፣ የጾም የሚሆነው እሱ ነው። ሻጩ «የጾም ጄላቲን» ሲላችሁ አጋር ማለቱ ከሆነ ከማሸጊያው ላይ ያሳያችሁ። ካላሳያችሁ ውጡ። በትንሿ ካርቶን የሚመጣው ባለ ቀለም የጄሊ ዱቄት ደግሞ አብዛኛው ስኳር ነው፤ እንደ ንጹህ ጄላቲን አትቁጠሩት።

አዲስ አበባ ያለች እህቴ አጋር ላከችልኝና ለሚቀጥለው ዓርብ ደግሜ ሞከርኩ። ለአንድ ብርጭቆ ጭማቂ፣ 250 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት። በቀዝቃዛው በትናችሁ ታማስላላችሁ፣ ከፈላ በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃ ታቆዩታላችሁ። ጄላቲን መፍላት አይወድም፣ አጋር ደግሞ ካልፈላ አይሠራም። በዚህ ይለያያሉ። ፓፓያውን ጥሬውን ነው የጨመርኩት፤ አጋር ፕሮቲን ስላልሆነ ኢንዛይሙ አይነካውም። ገና ለብ እያለ ጠረጴዛው ላይ መርጋት ጀመረ፣ መስኮት ዳር እንኳ አላደረስኩትም። ሳህኑን ገለበጥኩት፣ ቅርጹን ይዞ ዱብ አለ። ከጄላቲኑ ትንሽ ይጠነክራል፣ አፍ ውስጥ እንደሱ አይቀልጥም። እኔ ወድጄዋለሁ፣ ልጆቹ ግን «ይሄኛው አይንቀጠቀጥም» ብለው ቅር አላቸው።

በፍስክ ቀን ለምትሠሩ፦ ለግማሽ ሊትር ጭማቂ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጄላቲን ይበቃል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጥ፣ ከዚያ ሞቅ ባለው ጭማቂ ይሟሟ፣ አራት ሰዓት ያህል ብርድ ላይ ይቆይ። ፍራፍሬው ሙዝ፣ ብርቱካን ወይም ፖም ይሁን።

ለናሙና ካስቀመጥኩት የተረፈውን ዱቄት አልጣልኩትም። የቴሌቪዥኑን ዳንቴል አጠብኩና አጠነከርኩበት። ቀጥ ብሎ ቆሟል።